ባለነጠብጣብ ደረት ፕሎቨር፦ ጨፌ ላይ ከየት እንጀምር፣ በምን እንለየው?

#1 ቄጠማ ዳር
ጤና ይስጥልኝ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም ስለማይገኘው ባለነጠብጣብ ደረት ፕሎቨር ስለሚባለው ወፍ የተበታተነ ነገር እንጂ ለተመልካች የሚሆን፣ አንድ ላይ የተጻፈ አጣሁ። ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። ጨፌ ሰፊ ነው፤ ፍለጋው ከየት በኩል ነው የሚጀመረው? 150 ሜትር ርቆ ሲቆም ከዘመዱ ከባለእሾህ ክንፉ ፕሎቨር በምን ይለያል? ደግሞስ በአንድ ጠዋት ቆጠራውንም የባህሪ ምዝገባውንም መያዝ ይቻላል ወይስ አንዱን መተው ነው? በእጄ ያለው 10×42 ባይኖኩላር ብቻ ነው፤ ቴሌስኮፕ የለም። የአማርኛ ስሙን ላባውን አይቼ ነው ያወጣሁት፤ የተሻለ ያለው ያቅርብ።

#2 ጅብራ ሥር
ስሙ ይበቃል፤ በዚሁ እንቀጥል። የጀርመኑ ተመራማሪ ሩፔል በ1845 እ.ኤ.አ. የሰጠው የሳይንስ ስም «ባለጥቁር ራስ» ማለት ነው፤ እሱ እንኳን አያዋጣም። ጥቁር ቆብ ያደረገ ፕሎቨር ሌላም አለ፤ ደረቱ እንዲህ የተረጨ ግን ይኸው አንዱ ነው።

አሁን ወደ ቦታው። ሰው ጨፌ ሲባል ዓይኑ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ውኃው ነው። ይህ ወፍ ግን እንደ ሳቢሳ ውኃ ውስጥ ገብቶ አይቆምም። ጨፌውን በሦስት ቀበቶ ከፍለህ እየው። መሀሉ ፊላና ረጅም ቄጠማ የበቀለበት፣ ውኃ የቆመበት ነው። ዙሪያውን ደግሞ ሲረግጡት ጭቅ የሚል፣ ከብት የጋጠው አጭር ሣር ያለበት ጠርዝ አለ። ከዚያ ውጭ ያለው ደረቅ ግጦሽ ወይም እርሻ ነው። ጊዜህን ከሞላ ጎደል ሁለተኛው ላይ አውለው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ወፉ የሚያድነው በዓይኑ ነው፤ ትልና እጭ አፈሩ ላይ ሲንቀሳቀስ ማየት አለበት። ሣሩ ከጉልበቱ ካለፈ ምግቡም አይታየውም፣ የሚመጣበትም ጠላት አይታየውም። አፈሩ ከደረቀ ደግሞ ትሉ ወደ ታች ይወርዳል።

በዚህ ቀበቶ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈተሹ ቦታዎች አሉ፦ ምንጭ ከተዳፋት ሥር የሚፈስበት እርጥብ ምላስ፣ ከብት ውኃ የሚጠጣበት የተረገጠ ጭቃ፣ ኩበት የበዛበት ሣር (ከሥሩ ጢንዚዛና እጭ አይጠፋም)፣ እንዲሁም ከእርጥቡ ትንሽ ከፍ ያለች ጉብታ። ጉብታዋን አትናቅ፤ በልቶ ሲጠግብ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ከፍታውን በተመለከተ፣ ከ1,800 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 4,000 ሜትር ድረስ ይገኛል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ባሌ ሳነቴ ላይ ጅብራና አጭር ሣር በተቀላቀለበት እርጥብ ሜዳ፣ መንዝ ጓሳ፣ ለአዲስ አበባ ቅርብ የሚሉ ደግሞ ሱሉልታ ሜዳና ገፈርሳ ይሞክሩ። ገፈርሳ የመጠጥ ውኃ ግድብ ስለሆነ ጥበቃዎቹን ሳያስፈቅዱ መግባት አይቻልም።

#3 ላባ ቆጣሪ
ሁለተኛውን ጥያቄ ለእኔ ተዉት።

መጠኑ አይረዳህም። ባለነጠብጣቡ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ዘመዶቹም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ «ተለቅ ያለ መሰለኝ» የሚል ማስታወሻ ዋጋ የለውም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ደረት፣ ጉንጭ፣ እግር፣ ከዚያ ሌላው።

ደረት፦ ከጉሮሮው የሚነሳው ጥቁረት እየተበታተነ ወደ ነጠብጣብና ጭረት ይለወጥና ነጩ ሆድ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ጠርዙ የተቆረጠ አይደለም፤ ብሩሽ የተራገፈበት ይመስላል። ባለእሾህ ክንፉ ግን ከጉሮሮው እስከ ሆዱ ድፍን ጥቁር ነው።

ጉንጭ፦ የባለእሾህ ክንፉ ጉንጭና የአንገት ጎን በረዶ የመሰለ ነጭ ነው፤ በ200 ሜትር ላይ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ እሱ ብቻ ይታያል። የባለነጠብጣቡ ራስ ላይ ጎልቶ የሚታየው ከዓይኑ በላይ ወደ ኋላ የሚሄደው ነጭ ቅንድብ ነው፤ ጉንጩና አንገቱ ቡናማ ይሆናል። ከጥቁሩ ቆብ በስተኋላ አጭር ጉትዬ አለች፤ ነፋስ ካላነሳት ላትታይ ትችላለች፤ ስለዚህ መለያ አታድርጋት።

እግር፦ የባለነጠብጣቡ ቢጫማ ነው፤ የባለእሾህ ክንፉ ጥቁር። ጭቃ ግን ሁሉንም ጥቁር ያደርጋል። እግሩን ስታይ ከጉልበቱ በላይ ያለውን ተመልከት፤ ጭቃው እዚያ አይደርስም። ምንቃሩም ሥሩ ቢጫ፣ ጫፉ ጥቁር ሲሆን ከዓይኑ ፊት ትንሽ ቢጫ ቆዳ አለችው። እሷን ለማየት ግን መቅረብ ያስፈልጋል።

በበረራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቡናማ ጀርባ፣ በክንፉ ላይ ያለ ነጭ ሰያፍ መስመር፣ ጥቁር የክንፍ ጫፍ፣ ነጭ ጭራ ላይ ጥቁር መቀነት፤ ይህ ሁሉ ባለእሾህ ክንፉም ላይ አለ። ክንፉን አይተህ ስም አትስጥ። ሲያልፍ ከሥሩ ሆዱን እይ፤ ነጭ ከሆነ ባለእሾህ ክንፉ አይደለም።

#4 ቄጠማ ዳር
እግዜር ይስጥልኝ። ደጋ ላይ የሚያምታታ ሌላ ዘመድ የለም ማለት ነው?

#5 ላባ ቆጣሪ
አለ እንጂ። ባለጥቁር ክንፉ ፕሎቨር ደጋ ሣር ላይ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ደረቅ በሆነው በኩል። ራሱና አንገቱ ግራጫ፣ ግንባሩ ነጭ፣ እግሩ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው ጥቁር መቀነት ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ዝቅ ባለው ከፍታ ደግሞ ትልልቅ ቢጫ የጉንጭ ቆዳ የሚያንጠለጥለው ዘመዱ ይመጣል። ጉሮሮው ጭረት ስላለው ጀማሪ «ነጠብጣብ አየሁ» ይላል፤ ግን ግንባሩ ነጭ ነው፣ ቆዳው ከሩቅ ይታያል፣ ሆዱም ያን ያህል ንጹሕ ነጭ አይደለም። ባለዘውዱ ደግሞ ጥቁር ቆቡ ዙሪያ ነጭ ቀለበት አለው፤ ደረቅ ሜዳ ነው የሚወደው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጫጩትና ወጣት ወፍ ላይ ቀለሙ ሁሉ የደበዘዘ ነው። ብቻውን የቆመ ደብዛዛ ወጣት ካየህ ወላጆቹ እስኪመጡ ጠብቅ። ካልመጡ «ያልተለየ ፕሎቨር» ብለህ ጻፈው። ይህ ነውር አይደለም።

#6 ሦስት እግር
ስለ መሣሪያው ማንም አላነሳም። 10×42 ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ በእጅ ከተያዘ ግን 10ሩ የእጅን መንቀጥቀጥም 10 ጊዜ ያጎላል። ነፋስ ባለበት ሜዳ ላይ ቁጭ ብለህ ሁለቱን ክርን ጉልበትህ ላይ አሳርፍ፤ ወይም የቆመ ዱላ ጫፍ ላይ አስደግፈው። የዱላው ዘዴ ከርካሽ ትራይፖድ ይሻላል፤ ርካሹ ትራይፖድ በነፋስ ራሱ ይንቀጠቀጣል።

አፈታተሽ፦ የ10×42 የእይታ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ በ1,000 ሜትር ላይ 110 ሜትር ገደማ ነው (የራስህ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው)። በ150 ሜትር ርቀት ስታሰላው 16 ሜትር ስፋት ብቻ ታያለህ ማለት ነው። ስለዚህ ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄድ እያንዳንዱ እይታ ከቀደመው ሢሶውን ይደራረብ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቢያንስ 5 ሰከንድ ቁም። ይህ ወፍ ሮጥ ብሎ ቀጥ ይላል፤ ቀጥ ሲል ቡናማ ጀርባው ከኩበት አይለይም። ባይኖኩላሩን እንደ መጥረጊያ የሚያንሸራትት ሰው የሚያገኘው የሚበሩትን ብቻ ነው።

ብርሃን፦ ጠዋት ከጨፌው ምሥራቅ ቁም፤ ፀሐይ ከጀርባህ ትሁን። ፀሐይን ፊት ለፊት ይዘህ ካየህ ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው፤ ላባ ቆጣሪ የጻፈው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የሙቀት ማዕበል፦ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከ3 ሰዓት በኋላ ጥቁሩ የጨፌ አፈር ቶሎ ይሞቅና ከላዩ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል። ያኔ ነጠብጣቡ ይፈስሳል፣ እግሩ ይታጠፋል። ጉልህ መነጽር ይህን አያድንም፤ እንዲያውም ያብሰዋል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ መቅረብ ወይም 2–3 ሜትር ከፍ ያለ ዳርቻ ላይ መውጣት። ከፍ ስትል እይታህ መሬት ለመሬት ስለማይሄድ የሚያልፍበት የሞቀ አየር ይቀንሳል።

#7 ጨፌ ለጨፌ
በጆሮ መፈለግ ይቀድማል ባይ ነኝ። ይህ ወፍ ጩኸታም ነው። ሲነሳ «ክሪ-ክሪ-ክሬ-ክሬፕ» እያለ ይፈጥናል፤ ሌላ ጊዜ «ፒዊት-ፒዊት» ይላል። ባለእሾህ ክንፉ ብረት በብረት እንደተመታ «ቲክ-ቲክ» ይላል፤ ድምፁ ደረቅ ነው። ጉም ባለ ጠዋት ድምፁን በስልክ አጫውቶ መልስ መጠበቅ ይቻላል፤ 10 ሰከንድ ማንንም አይጎዳም።

#8 ጅብራ ሥር
በመጀመሪያው እስማማለሁ፤ በሁለተኛው አልስማማም ወንድሜ። ለምን እንደማይሆን ልንገርህ። ጥንድ ሆነው መሬት የያዙ ወፎች ቅጂውን ሲሰሙ ተቀናቃኝ የመጣ ይመስላቸዋል። ከተኙበት እንቁላል ወይም ካቀፉት ጫጩት ተነስተው ይመጣሉ። በ4,000 ሜትር ላይ የጠዋት ነፋስ ያለ ሽፋን የቀረ እንቁላልን በደቂቃዎች ያቀዘቅዘዋል። አንተ 10 ሰከንድ አጫወትክ፤ ወፉ ግን ተመልሶ እስኪረጋጋ ያለው ጊዜ 10 ሰከንድ አይደለም። ለቆጠራም አይበጅም፤ ከየት የመጣ እንደሆነ ሳታውቅ ወደ አንተ የሳብከውን ትቆጥራለህ።

ጉም ካለ ቁጭ ብለህ ስማ። ጉም ውስጥ እነሱም አይተያዩምና ራሳቸው ይጠራራሉ።

#9 ጨፌ ለጨፌ
ስለ እንቁላሉ ያልከው ልክ ነው፤ ተቀብያለሁ። ቅጂ ቤት ውስጥ ጆሮን ለማሰልጠን ብቻ ይዋል።

#10 መዝገብ ያዥ
ሦስተኛውን ጥያቄ ልመልስ። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት መያዝ ይቻላል፤ አንድ ላይ ግን አይደለም። ቆጠራው ይቅደም፣ ባህሪው ይከተል፤ ባህሪ ለማየት መቅረብ ስለሚያስፈልግ፣ ከቀረብክ ደግሞ ቆጠራው ይበላሻል።

ቆጠራ፦ ጠዋት 12፡45 ላይ ቦታህ ላይ ሁን። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ምንም አትቁጠር፤ የአንተ መምጣት ያስነሳቸው ይመለሱ። ከዚያ ጨፌውን በቋሚ ምልክት ክፈለው፦ ከብቸኛው ባሕር ዛፍ እስከ ድንጋይ ካቡ፣ ከካቡ እስከ ጅረቱ፣ እያልክ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ፈትሽ፤ ወደ ኋላ አትመለስ። ዙሩን ሦስት ጊዜ ድገመው፤ በመካከሉ 10 ደቂቃ እረፍት ይኑር። የምትመዘግበው ከሦስቱ ትልቁን ነው።

ሲበሩ ዓይንህ ይከተላቸው፤ ያረፉበትን ክፍል ጻፍ። ካልቆጠርከው ክፍል ተነስተው የቆጠርከው ውስጥ ካረፉ ይቆጠራሉ፤ ከቆጠርከው ተነስተው ወደፊት ካረፉ አይቆጠሩም። ይህን በቃል አልይዝም ብለህ ቀስት ሥራ፤ ወረቀቱ ላይ የጨፌውን ቅርጽ ቀድመህ ሣልና ቀስት አስምርበት።

ከመራቢያ ጊዜ ውጭ መንጋ ሆነው ሊሰበሰቡ ይችላሉ። መንጋ ተጠጋግቶ ሲቆም የፊቱ የኋላውን ይሸፍናል። ያኔ ጭንቅላት ሳይሆን እግር ቁጠርና ለሁለት አካፍል የሚሉ አሉ፤ ቀልድ ነው፣ አትስማቸው፤ አንድ እግር አጥፎ የሚቆም ወፍ ሂሳቡን ያበላሸዋል። እስኪንቀሳቀሱ ጠብቅ።

ባዶም ይጻፍ። «3 ዙር፣ 0» የሚል ወረቀት ከሌለ ሌላ ሰው ቦታው አልታየም ብሎ ያስባል።

#11 ሦስት እግር
ከሦስቱ ትልቁን ለምን? አማካዩ አይሻልም?

#12 መዝገብ ያዥ
አይሻልም፤ ስህተቱ ወደ አንድ በኩል ያደላልና። ይህ ወፍ ቀጥ ብሎ ሲቆም ስለሚሰወር ስህተታችን ያለውን ወፍ ሳናይ ማለፍ ነው፤ የሌለ ወፍ የምናይበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ወደ እውነቱ ይቀርባል። መደመር ግን በፍጹም። 7፣ 9 እና 6 ካየህ 9 ነው፤ 22 ብሎ የሚልክ አለና ነው ይህን ያህል የማጠብቀው።

ሰዓቱን ልብ በሉ። ኢበርድ በተባለው የወፍ ምልከታ መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ የምትጭኑ ሰዎች ከጠዋቱ 1፡30 ያያችሁትን እንዳለ 1፡30 ብላችሁ ካስገባችሁት መተግበሪያው የሚረዳው ከሌሊቱ 7፡30 ነው። 6 ሰዓት ጨምሩበት፤ 7፡30 ይሁን። ቀኑንም ወደ እነሱ አቆጣጠር መመለስ አለባችሁ። ወረቀታችሁ አናት ላይ «የኢትዮጵያ ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ከወር በኋላ ራሳችሁም ትረሳላችሁ። በየዓመቱ በጥር አካባቢ በሚደረገው የአፍሪካ የውኃ ወፎች ቆጠራ የምትሳተፉም ይህንኑ አድርጉ።

#13 ቄጠማ ዳር
የባህሪው ምዝገባስ? ምን ምን ዓይነት ልለይ?

#14 መዝገብ ያዥ
ስድስት ይበቃል፦ መመገብ፣ ንቁ ሆኖ መቆም፣ ማረፍ፣ ላባ ማስተካከል፣ ጠብ፣ መብረር። ከስድስት በላይ ካደረግከው እጅህ ወረቀት ላይ ዓይንህ ወፉ ላይ መሆን ያቅተዋል። አንድ ወፍ ምረጥ፤ 5 ደቂቃ ተከተለው፤ ስልክህ በየ30 ሰከንዱ ይንቀጥቀጥ (ድምፅ አይሁን)። ሲንቀጠቀጥ በዚያች ቅጽበት የሚያደርገውን አንድ ፊደል ጻፍ። 5 ደቂቃው ሲያልቅ 10 ፊደል አለህ። ከዚያ ወደ ሌላ ወፍ።

ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። ዓይን የሚሄደው ወደሚንቀሳቀሰው ወፍ ስለሆነ ወረቀቱ ሁሉ «መመገብ» ይሆናል። ለዚህ ነው ከግራ 3ኛው፣ ከዚያ ከግራ 6ኛው እያሉ በቁጥር መምረጥ የሚያስፈልገው።

#15 ጅብራ ሥር
«መመገብ» የሚለውን ላሳየው፤ ሩቅ ሆኖ ከ«ንቁ» ጋር ይምታታል።

ሲመገብ እንዲህ ነው። ሦስት አራት እርምጃ በፍጥነት ይሮጣል፤ በድንገት ይቆማል። አካሉ አግድም ነው፣ አንገቱ ወደ ትከሻው ገብቷል፣ ጭንቅላቱ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። አንድ ሁለት ሰከንድ ምንም የለም። ከዚያ ጉልበቱን ሳያጥፍ መላ አካሉ እንደ ሚዛን ክንድ ወደፊት ይደፋል፤ ምንቃሩ መሬት ይነካል፣ ይመለሳል። ትል ከያዘ ወዲያው አይነሳም፤ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ይስበዋል፣ ትሉ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ሲለቀቅ ወፉ ራሱ ትንሽ ይንገዳገዳል። እርጥብ ቦታ ላይ ደግሞ በፕሎቨሮች ዘንድ የታወቀውን እግር ማንቀጥቀጥ ፈልጉ፤ አንድ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ጭቃውን በፍጥነት ይነካካል፣ ከሥር ያለው እንዲንቀሳቀስ።

ንቁ ሲሆን ግን ቁመቱ ይለወጣል። አንገቱ ወደ ላይ ይረዝማል፣ አካሉ ይቆማል፣ ሲዞርም ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚዞረው። የሚደፋ ነገር የለም። ጭንቅላቱን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ከጀመረ ያየው አንተን ነው፤ አቁም።

#16 ጨፌ ለጨፌ
ከዚህ ተነስቶ አቀራረቡን ማስላት ይቻላል። በቀጥታ አትሂድ፤ ወደ ጎን የሚያልፍ መስለህ እየሰያፍክ ቅረብ። 20 እርምጃ ሂድና 2 ደቂቃ ቁም። ቀና ያለው አንገት መልሶ እስኪገባ አትቀጥል። ከ80 ሜትር ወዲህ መግባት ለቆጠራም ለባህሪም አያስፈልግም። ከብት ባለበት ጨፌ ከእረኛው ጎን መሄድ ከሁሉ ይሻላል፤ ወፎቹ ከብቱንም እረኛውንም ለምደዋል፣ ብቻውን ቆሞ መነጽር የሚያነሳ ሰው ነው የሚያስደነግጣቸው። ግን ሰላምታ ሰጥተህ፣ ምን እንደምትሠራ ነግረህ፣ ፈቅዶልህ። ወፉ የሚያድርበትን ከማንም በላይ የሚያውቀውም እሱ ነው።

አረማመድ፦ የከብት መንገድ ተከተል፤ ከብት የማይሄድበት ሣር ምክንያት አለው። ሲረግጡት ዙሪያው የሚወዛወዝ ሣር ካጋጠመህ ከሥሩ ውኃ ነው፤ በመጣህበት ተመለስ። ዱላ በፊትህ እየተከልክ ሂድ። የጎማ ቦት ጫማ ጥሩ ነው፤ ከቦቱ አፍ በላይ ከገባህ ግን ቦቱ ራሱ የሚይዝህ መልሕቅ ይሆናል።

#17 ቀለም በቀለም
የፎቶ ነገር በአጭሩ። ነጭ ሆድ ጥቁር አፈር ላይ ካሜራውን ያታልለዋል፤ ጥቁሩን አይቶ ሥዕሉን ያበራል፣ ሆዱ ይቃጠላል፣ የነጠብጣቡ የታችኛው ጠርዝ ይጠፋል። መለያው ደግሞ እሱ ነው። ብርሃኑን በ0.7 ወይም በ1 ደረጃ ቀንሱ። ለቆመ ወፍ 1/800 ሰከንድ፣ ለበረራ 1/2000። ከ400 ሚሜ ያነሰ ሌንስ ያላችሁ ሰዎች ወፉን አታሳድዱ፤ ለመለየት የሚሆን ደብዛዛ ፎቶ ይበቃል። የጎን ፎቶ አንድ፣ ፊት ለፊት አንድ፣ ሲነሳ ከሥር አንድ። ሦስቱ ካሉ ማንም አይከራከራችሁም። ድሮን አታምጡ፤ ከላይ የሚያንዣብብ ነገር ለዚህ ወፍ ጭልፊት ነው፤ ጨፌው ሙሉ ይነሳል።

#18 ቄጠማ ዳር
ሳነቴን ላስብ ነው። ከሜዳው ጨፌ ምን ይለያል?

#19 ጅብራ ሥር
ቅዝቃዜው ሰዓቱን ይለውጠዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል፤ ንጋት ላይ መሬቱ የተጋገረ ነው፣ ምንቃር አያስገባም። በዚያን ሰዓት ሜዳውን መዞር ድካም ነው። የሚፈስ ምንጭ ግን አይረጋም፤ ስለዚህ በውርጭ ጠዋት የምትፈትሸው ምንጭና የጅረት ዳር ብቻ ነው። ፀሐይ ውርጩን ስታቀልጠው ወፎቹ ወደ ሜዳው ይበተናሉ። ጥሩዋ ሰዓት ውርጩ ቀልጦ የሙቀት ማዕበሉ ያልጀመረባት ናት፤ አጭር ናት፣ አታባክናት። ከሰዓት በኋላ ደመና ሊያለብሰው ይችላል።

ለራስህ፦ ከቆላ ተነስተህ በአንድ ቀን 4,000 ሜትር አትውጣ። ዲንሾ (3,000 ሜትር ገደማ) ወይም ጎባ እደር። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ በመግቢያው ፈቃድ አውጣ።

እዚያ ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይና ባለጉትቻው አይቢስም ይኖራሉ፤ ሁለቱንም መዝግብ። ወፍራም ምንቃሩን ቁራ ካየህ ደግሞ ከጎጆ ራቅ። ቁራ ብልህ ነው፤ ሰው ቆሞ የሚያየውን ቦታ ኋላ ሄዶ ይፈትሻል።

#20 ላባ ቆጣሪ
ስለ ጎጆ ተነሳ እንጂ መለያ ምልክቱን ማንም አልጻፈም። ጎጆው መሬት ላይ ያለ ጥልቀት የሌለው ጎድጓዳ ስለሆነ ፈልጎ ማግኘት ከመርገጥ አይለይም። ስለዚህ ጎጆውን ሳይሆን ወላጆቹን አንብቡ። ወፉ ሳይጮህ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከፊታችሁ በእግሩ ሹልክ ካለ ከእንቁላል ተነስቷል ማለት ነው፤ እንቁላል ያለው ዝም ብሎ ነው የሚሸሸው። በራሳችሁ ላይ እየዞረ ከጮኸ፣ ደግሞም ክንፉ የተሰበረ መስሎ መሬት ላይ ከተንፈራፈረ ጫጩት ቅርብ አለ። ጫጩቶች በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ጎጆውን ትተው ይሄዳሉ፤ ሲጮህባቸው መሬት ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ፤ እግራችሁ ሥር ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ እግራችሁን እያያችሁ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። አዲስ ዱካ አትክፈቱ፤ የተረገጠ ሣር ውሻን ይመራል። የጎጆውን መገኛ ነጥብ በአደባባይ አትለጥፉ፤ የጨፌው ስም ይበቃል።

#21 ሣር አጫጅ
አንድ ማስጠንቀቂያ ላስገባ። ሱሉልታና በርጋ በክረምት የምትሄዱ ሰዎች፣ ከላይ የተባለው ሁሉ ለአጭሩ ሣር ጠርዝ ነው። ረጅሙ ቄጠማ ውስጥ በክረምት ባለነጭ ክንፉ ፍላፍቴል የሚባል ትንሽ ድብቅ ወፍ አለ፤ በዓለም ላይ በጣም አሳሳቢ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ወፎች አንዱ ነው፤ የሚራባውም ውኃ በያዘው ቄጠማ መሀል ነው። ለፕሎቨር ብላችሁ መሀሉን አታቋርጡ። ዙሩት።

#22 ቄጠማ ዳር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀቱን እንዲህ አዘጋጀሁት፦ አናቱ ላይ ጨፌ፣ ቀን፣ የኢትዮጵያ ሰዓት፣ ከፍታ፣ ነፋስ፣ ደመና፤ ከሥሩ የጨፌው ንድፍ በአራት ክፍል፣ ሦስት የዙር ሳጥን፣ «ትልቁ» የሚል ሳጥን፤ ጀርባው ላይ ለስድስት ወፍ 10 የባህሪ ሳጥን። የጎደለ አለ?

#23 መዝገብ ያዥ
የሣሩን ቁመት ጨምር፤ በሳንቲሜትር፣ ከሦስት ቦታ። የከብቱንም ቁጥር ጨምር። በሚቀጥለው ዓመት ወፉ ከጠፋ መጀመሪያ የምትጠየቀው ሣሩ ረዝሞ ነው ወይስ ውኃው በቦይ ፈስሶ፣ ወይስ ባሕር ዛፍ ተተክሎበት፣ የሚለውን ነው። ደግሞ እርሳስ ያዝ፤ እስክሪብቶ በውርጭ አይጽፍም።